ለአባይ ቁልቁለት የሚሆን የካርማን ጊያ ፍሬን

የደብረ ማርቆሱ ወንድማችን፣ ከአባትህ የወረስካትን የ1965 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል የቮልስዋገን መኪና፣ ካርማን ጊያ፣ ይዘህ አዲስ አበባ ለመመላለስ «የፊት ፍሬኗን ከታምቡር ወደ ዲስክ ልቀይር ወይ?» ብለሃል። ታምቡር ሸራው ከበሮ መሳይ ብረትን ከውስጥ እየገፋ፣ ዲስክ ደግሞ ሸራው ጠፍጣፋ ክብ ብረትን ከሁለት ወገን እየጨመቀ የሚያቆም ፍሬን ነው። ቀይር። ነገር ግን ከዲስኩ የሚቀድም ሥራ አለ።

እኔ የነዳሁት በአራቱም እግሩ ታምቡር ያለው ቮልስ ነበር። ከደጀን ወደ አባይ በሦስተኛ ማርሽ፣ እግሬን ከፍሬኑ ሳላነሳ ስወርድ መጀመሪያ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተኝ፤ ቀጥሎ ፔዳሉ እንደ ጥጥ ለሰለሰና ወለሉን ነካ። ባለቤቴ ከኋላ ልጃችንን አቅፋ ተቀምጣለች። ወደ ሁለተኛ ማርሽ መልሼ፣ የእጅ ፍሬኑን በዝግታ እየሳብኩ፣ ወደ ተራራው ጥግ አስጠግቼ አቆምኩ። አንድ ሰዓት ያህል ከቆየን በኋላ ፔዳሉ እንደገና ጠነከረ። ምክንያቱን የነገረኝ ይህ መመለሱ ነው፤ የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ሆኖ ነበር፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይታመቃል እንጂ ግፊት አያስተላልፍም። ዘይቱ ጋራዥ ሲቀዳ እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ ነበር።

ከደጀን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1,200 ሜትር ይበልጣል። አንድ ቶን የሚመዝን መኪና ያን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 35 ሊትር የቧንቧ ውሃ ያፈላል። ሞተሩ በከባድ ማርሽ ድርሻውን ካልያዘ፣ አብዛኛው ሙቀት የሚያርፈው ፍሬን ላይ ነው።

ስለዚህ በዘይቱ ጀምር። አሮጌውን ጨርሰህ አስወጣና ዶት 4 የሚባለውን የፍሬን ዘይት ደረጃ አስሞላ። አዲሱ ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው እስከ 155 ሊወርድ ይችላል፤ በየሁለት ዓመቱ ቀይረው። ቀጥሎ የላስቲክ ቱቦዎቹንና ጎሚኒዎቹን (ዘይቱ እንዳይፈስ የሚያሽጉትን ላስቲኮች) በሙሉ አሳድስ። ያንተ መኪና የፍሬን መስመር አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም እግር ባዶ ይሆናል። ባለ ሁለት መስመር ማስተር ሲሊንደር (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ እግሮቹ የሚገፋው ዕቃ) ማስገባትን እኔ ከዲስኩ አስቀድመዋለሁ።

ወደ ዲስኩ ስትመጣ «የካርማን ጊያ ነው» የሚልህን ሻጭ ሁሉ አትመን። ፋብሪካው የፊት ዲስክ ያስገባው ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ነው፤ የፊት እግሩ ደግሞ ከ1966 ጀምሮ ወደ ቦል ጆይንት (እንደ ኳስ የሚዞር መገጣጠሚያ) ተቀይሯል። ያንተ የቀድሞው ነው፤ የ1967ቱ እንዳለ አይገጥምለትም። ቸርኬህም ባለ አምስት ቡሎን ሲሆን የዚያኛው ባለ አራት ነው። ለ1965 የፊት እግር ተብሎ የተሠራውን ሙሉ ዕቃ ፈልግ። ቶርኖ ቤት ወስደህ በብየዳ የማጋጠም ሐሳብ ካለህ እባክህ ተወው። ማስተር ሲሊንደሩም ለዲስክ የሚሆን ይሁን፤ ለታምቡር የተሠራው በመስመሩ ውስጥ ጥቂት ግፊት ስለሚያስቀር ዲስኩን ሳይለቅ ይዞ ያግለዋል።

ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ ወደ ደምበጫ በኩል ጥቂት ቀን ሞክረው። ከዚያ ደጀንን ስታልፍ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ። ፍሬኑን ጠበቅ አድርገህ ርገጥ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ልቀቅ፤ እግርህን ጭነህ አትውረድ። ድልድዩን ተሻግረህ ምቹ ቦታ ስታገኝ ቁምና መዳፍህን ሳታስነካ ወደ ቸርኬዎቹ አስጠጋ። የፊቶቹ ከኋላዎቹ ቢግሉ ያለ ነው። ከቀኝና ከግራ አንዱ ለይቶ ከጋለ ግን ያ እግር ፍሬኑን አልለቀቀም፤ ሳይፈታ ዳገቱን አትጀምር።