የራሳችን ዊጄት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የዴስክቶፕ ዊጄት (መስኮት ላይ የሚታይ እንደ አዝራር ወይም ግራፍ ያለ ክፍል) በራስ ስለ መሣል የደረሱኝን ጥያቄዎች አንድ ላይ እመልሳለሁ። እኔ የምሠራው በኪውት (Qt፣ መስኮት ያላቸውን ፕሮግራሞች መሥሪያ) ስለሆነ ምሳሌዎቹም ከዚያው ናቸው።

ጥያቄ፦ ክብ ጌጅ (እንደ መኪና ፍጥነት መለኪያ ያለ) ሣልኩ። ብቻውን ሲከፈት ይታያል፤ ሌይአውት (ዊጄቶችን በመስኮቱ ላይ የሚደለድል) ውስጥ ሳስገባው ግን ድራሹ ይጠፋል።

መልስ፦ ሌይአውቱ «ምን ያህል ቦታ ይበቃሃል?» ብሎ የሚጠይቀው ሳይዝ ሂንትን (ዊጄቱ የሚመርጠውን መጠን የሚመልስ ፈንክሽን) ነው። አንተ ስላልጻፍከው የሚመልሰው -1 በ -1፣ ማለትም «አስተያየት የለኝም» ነው። ጎረቤቶቹ ቦታውን ሲሻሙ ያንተ ዜሮ ላይ ሊቀር ይችላል። 200 በ 200 እንዲመልስ አድርገው፤ ሚኒመም ሳይዝ ሂንትንም (ትንሹን መጠን የሚመልሰውን) አትርሳ።

ጥያቄ፦ ጌጁ የሚያሳየው ቁጥር ሲቀየር፣ እንደገና እንዲሣል ሪፔይንት ልጥራ ወይስ አፕዴት?

መልስ፦ አፕዴት። ሪፔይንት እዚያው በዚያው ይሥላል። አፕዴት ግን ወረፋ ይይዛል፤ በተከታታይ 50 ጊዜ ብትጠራውም አብዛኛውን ጊዜ ተጠቃልሎ አንዴ ይሣላል። ከጃቫ ስዊንግ (የጃቫ የመስኮት መሥሪያ) የመጣችሁ ልብ በሉ፦ የዚያኛው ሪፔይንት ጠባዩ የኪውትን አፕዴት ነው።

ጥያቄ፦ ግራፌ መስኮቱን በማውስ ስጎትት ይንቀራፈፋል። ፔይንት ኢቨንት (ዊጄቱ በሚሣልበት ጊዜ ሁሉ የሚጠራው ፈንክሽን) ውስጥ ፋይሉን አንብቤ፣ አማካዩን አስልቼ ነው የምሥለው።

መልስ፦ በሽታውን ራስሽ ነገርሽኝ። መስኮቱ ሲጎተት ያ ፈንክሽን በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይጠራል። በሰከንድ 60 ጊዜ እንዲሣል ከተፈለገ ለአንዱ የሚደርሰው 16 ሚሊሰከንድ ግድም ነው፤ በዚያ ውስጥ ፋይል ከፍቶ መዝጋት አይታሰብም። እኔም አንድ ጊዜ ትንሽ አይኮን በየሥዕሉ ከዲስክ እያነበብኩ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ጥፋቱን የሥዕል ካርዱ ላይ ሳላክክ ኖሬያለሁ። ፋይሉ የሚነበበውና ስሌቱ የሚሠራው ዳታው ሲቀየር ብቻ ይሁን። ነጥቦቹን በሊስት ያዢ፣ ከዚያ አፕዴት ጥሪ። ፔይንት ኢቨንት የተዘጋጀለትን ይሣል እንጂ ምንም አያስብ።

ጥያቄ፦ ከሌላ ትሬድ (ከዋናው ጎን ለጎን ከሚሠራ የፕሮግራሙ ክፍል) በቀጥታ ዊጄቱ ላይ መሣል ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ኪውኢሜጅ (በሜሞሪ የሚያዝ ሥዕል) ላይ ግን ይቻላል፤ ሣልና በሲግናል (በኪውት መልእክት ማስተላለፊያ) ወደ ዋናው ትሬድ ላከው።

ጥያቄ፦ ዊጄቴ ማውሱን ይሰማል፣ የቀስት ቁልፎቹን ግን አይሰማም።

መልስ፦ በራስ የተሠራ ዊጄት ሲፈጠር ፎከስ (የኪቦርዱ ቁልፎች ወደ እሱ እንዲመጡ መመረጥን) አይቀበልም። ፎከስ ፖሊሲውን ስትሮንግ ፎከስ አድርገው፤ በታብም በክሊክም ይመጣል። ፎከስ ሲይዝ ዙሪያውን ቀጭን መስመር ሣልለት፤ አለበለዚያ በኪቦርድ ብቻ የሚሠራ ሰው የት እንዳለ አያውቅም።