ለዋርሎርድ ካሪዝማ ወይስ ኢንተለጀንስ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለውን በዳይስ የሚጫወቱት የገጸ ባሕርይ ጨዋታ፣ አራተኛ እትሙን፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ከጓደኞችህ ጋር ልትጀምሩ ነው። አንተ ዋርሎርድ (ጓዶቹን የሚመራና የሚያነሳ የጦር አዛዥ) ነህ፤ ሌሎቹ ባርባሪያን፣ ፋይተር (ሁለቱም በቅርብ የሚመቱ ተዋጊዎች)፣ ሮግና ዊዛርድ (አስማተኛ) ናቸው። ክሌሪክ (ቁስል የሚፈውስ ካህን) ስለሌለን ካሪዝማዬን (ሰውን የመሳብ አቅም) 18፣ ስትሬንግዜን (ጉልበት) 14 ላድርግ ወይ ነው ያልከው። እኔ ባሕር ዳር ይህንኑ ክላስ (የካራክተር ዓይነት) ብዙ ተጫውቼዋለሁ፤ ጌም ማስተር (ጨዋታውን የሚመራው ሰው) ሆኜም ሌሎች ሲጫወቱት አይቻለሁ። እባክህ እንደዚያ አታድርግ።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ጎጃም ያደገ ሰው የጦር መሪ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው ሽለላና ቀረርቶው ነው። አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ ዛሬም በቀረርቶ ይነሳል። ዋርሎርዱም ድምፁን አሰምቶ የወደቀውን የሚያነሳ ነው። የሚያድንበት ፓወር (የክላሱ ልዩ ችሎታ) ራሱ ኢንስፓየሪንግ ወርድ፣ የሚያበረታታ ቃል፣ ይባላል። ታዲያ ካሪዝማ ከሌለኝ ማንን አድናለሁ ብሎ መስጋት ያለ ነው።

ሕጉን ግን እንደገና አንብበው። ኢንስፓየሪንግ ወርድ ጓደኛህ አንድ ሂሊንግ ሰርጅ (ለቀኑ ከተመደበለት የመዳኛ ዕድል አንዱን) እንዲጠቀም ያደርገዋል፤ በላዩ ላይ በመጀመሪያ ሌቭል የአንድ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ውጤት ይጨመርለታል። በቃ። ካሪዝማህ 8 ይሁን 20 ለዚህ ፓወር ለውጥ የለውም። በአንድ ፍልሚያ 2 ጊዜ ትጠቀምበታለህ፤ ማይነር አክሽን (ተራህን የማይጨርስ ቀላል ተግባር) ስለሆነም በዚያው ተራህ በሰይፍህ ትመታለህ። የማዳኑ ጉዳይ እዚህ ላይ አለቀ፤ አትጨነቅበት።

አሁን ወደ ስትሬንግዝ እንምጣ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነው። ኮማንደርስ ስትራይክን ከመሰሉ ጥቂቶች በቀር የዋርሎርድ የጥቃት ፓወሮች ዳይስ የሚጣለው በስትሬንግዝ ነው። ካልመታህ ለጓደኞችህ የምትሰጠው ጥቅም አብዛኛው ይቀራል። ሊድ ዘ አታክ የሚባለውን ፓወር ለምሳሌ ውሰድ። በቀን አንዴ ነው። ከመታህ አንተና በ5 ካሬ ውስጥ ያሉ ጓደኞችህ በዚያ ጠላት ላይ ፍልሚያው እስኪያልቅ ድረስ 1 ሲደመር የኢንተለጀንስ (የአእምሮ ብልህነት) ሞዲፋየርህን ያህል ጭማሪ ታገኛላችሁ፤ ሞዲፋየር ማለት ከአቢሊቲው ቁጥር የሚወጣው ጭማሪ ነው፣ 16 ከሆነ 3፣ 18 ከሆነ 4። ከሳትክ የምታገኙት 1 ብቻ ነው።

አንድ ምሽት የሆነውን ልንገርህ። እኛ የምንጫወተው በባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ላይ ነው፤ ካራክተሮቻችን የለስላሳ ቆርኪዎች ናቸው፣ በላያቸው ስማቸው ተለጥፏል። ከጓደኞቼ አንዱ ጀናሲ ከሚባለው ዘር የሆነ ዋርሎርድ ይጫወት ነበር፤ ስትሬንግዝ 18፣ ኢንተለጀንስ 18። በር የዘጋብን አንድ ግዙፍ ፍጡር ነበር፤ መከላከያው 16። ልጁ ሊድ ዘ አታክ ብሎ ባለ 20 ገጹን ዳይስ ጣለ። 9 ወጣ። 4 ከስትሬንግዝ፣ 3 ከሎንግ ሶርድ፣ ልክ 16! ከዚያ በኋላ እያንዳንዳችን በዚያ ፍጡር ላይ 5 እየደመርን መታን። ሲስት ያመሸው ሮግ እንኳ መሳት አቆመ። የዋርሎርዱ ስትሬንግዝ 16 ቢሆን ኖሮ 15 ይሆንና ያ ሁሉ ይቀር ነበር።

ታዲያ ስትሬንግዝን ከዘር ጭማሪ በፊት 18 ላድርገው እንዳትለኝ። አንድ አቢሊቲ 18 ለማድረግ፣ አቢሊቲዎችህን ለማሳደግ ካለህ 22 ነጥብ 16ቱ ይሄዳል። 16 ለማድረግ 9 ብቻ ነው የሚፈጀው። ስለዚህ ስትሬንግዝንና ከኢንተለጀንስና ከካሪዝማ አንዱን 16 አድርግና 18 ነጥብ ጨርስ፤ በቀረህ 4 ኮንስቲትዩሽንን (የሰውነት ጥንካሬ) እና ከሁለቱ የቀረውን 12 አድርጋቸው። ዴክስተሪቲ (ቅልጥፍና) 10፣ ዊዝደም (ማስተዋል) 8 ይቅር። ዊዝደም 8 ሲባል ሰው ይደነግጣል። ግን ዊል የሚባለው መከላከያ የሚሰላው ከዊዝደምና ከካሪዝማ በሚበልጠው ነው፤ ሪፍሌክስ የሚባለውም ከዴክስተሪቲና ከኢንተለጀንስ በሚበልጠው። ቼይንሜይል (የሰንሰለት ጥሩር) ከለበስክ ደግሞ ዴክስተሪቲ ለኤሲህ (ከመሣሪያ ምት ለሚከላከልልህ ቁጥር) የሚጨምረው የለም። በዊዝደም የሚሠራውን ፐርሰፕሽን (የተደበቀ ነገር የማየት ችሎታ) ለሌላ ሰው ተውለት።

ኮንስቲትዩሽንን ግን አትጣለው። ሂት ፖይንትህ (እስክትወድቅ የምትችለው ጉዳት) 12 ሲደመር የኮንስቲትዩሽን ቁጥርህ ነው፤ የሂሊንግ ሰርጅህም ብዛት 7 ሲደመር ሞዲፋየሩ። አንተ ከፊት የምትቆም ሰው ነህ። ሌላውን የሚያነሳው መጀመሪያ ከወደቀ ችግር ነው።

ሁለተኛው 16 የት ይግባ፣ ካሪዝማ ላይ ወይስ ኢንተለጀንስ ላይ? ለእናንተ ኢንተለጀንስ ላይ። ይህን የሚወስነው የአንተ ወረቀት ሳይሆን አጠገብህ የተቀመጡት ልጆች ናቸው። ኮማንደርስ ስትራይክ የአንተን ጥቃት ለጓደኛህ ይሰጠዋል፤ እሱ በሜሊ ቤዚክ አታክ (ማንም በእጁ መሣሪያ የሚመታው ተራ ምት) ይመታል፣ ጉዳቱ ላይ የአንተ ኢንተለጀንስ ይጨመራል። ቤዚክ አታክ ደግሞ በስትሬንግዝ ነው። እናንተ ጋ ትልቅ መጥረቢያ የያዘ ባርባሪያንና ፋይተር አሉ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ! ታክቲካል ፕረዘንስም አለ፤ ጓደኛህ አክሽን ፖይንት (ተጨማሪ ተግባር የሚሰጥ ነጥብ) አውጥቶ ሲያጠቃ የኢንተለጀንስ ሞዲፋየርህን ግማሽ ይጨምርለታል። ግማሹ ወደ ታች ስለሚጠጋ 14 እና 16 ሁለቱም የሚሰጡት 1 ነው፤ 18 ላይ 2 ይሆናል። ለዚህ ነው ጀናሲን የምወደው፤ ስትሬንግዝም ኢንተለጀንስም 2 ይጨመርለታል። የጀናሲ መጽሐፍ ከሌላችሁ ሂውማን (ሰው) ሁንና የዘሩን 2 ጭማሪ ስትሬንግዝ ላይ አድርግ። በ4ኛና በ8ኛ ሌቭል ኢንተለጀንስን አንድ አንድ ስትጨምርበት 18 ይደርሳል።

ካሪዝማ መጥፎ ነው እያልኩህ አይደለም። ቡድኑ በቀስተኛና በአስማተኛ የተሞላ ቢሆን፣ ቤዚክ አታኩ የሚረባ ሰው ባይኖር፣ ድራጎንቦርን ከሚባለው ዘር ሁን እልህ ነበር፤ ስትሬንግዝ 18፣ ካሪዝማ 18። በታክቲካል ፕረዘንስ ፋንታ የሚመረጠው ኢንስፓየሪንግ ፕረዘንስ አክሽን ፖይንት ላወጣው ጓደኛህ የሌቭልህን ግማሽና የካሪዝማ ሞዲፋየርህን ያህል ሂት ፖይንት ይመልስለታል። በመጀመሪያ ሌቭል ይህ 4 ብቻ ነው፤ እያደር ግን ደህና ይሆናል።

ጭራሽ ስትሬንግዝ ሳይኖረው ሌላውን ብቻ እያዘዘ የሚጫወት ዋርሎርድም አለ። ይሠራል። ግን ፓወሮቹን አንድ በአንድ መርጦ መያዝ ስለሚጠይቅ ለመጀመሪያ ጊዜ አልመክርህም።

ቁጥሩን ከመጻፍህ በፊት ባርባሪያኑንና ፋይተሩን ቤዚክ አታካችሁ ስንት ነው ብለህ ጠይቃቸው። አንዱ እንኳ ሐሳቡን ቀይሮ ቀስተኛ ሬንጀር ልሁን ካለ እዚሁ ጻፍልኝ፣ እንደገና አብረን እናስላው።