ለሽያጭ በሚቀርብ ቤት ምን ይጠገን፣ ምንስ ይተው?

ጥያቄ፦ ለረጅም ዓመታት የኖርንበትን ቤት ልንሸጥ ነው። ወንድሜ ማድ ቤቱ ፈርሶ በአዲስ ካልተሠራ ጥሩ ዋጋ አያወጣም ይላል፤ ባለቤቴ ደግሞ በመኝታ ቤቱ ኮርኒስ ላይ ያለውን የውሃ እድፍ በቀለም ሸፍነን ብናሳይ ይበቃል ትላለች። ገንዘባችን ውስን ስለሆነ ከየቱ እንጀምር? ገዢዎች ቤቱን ሲያዩስ አብረናቸው ብንሆን ነውር አለው?

መልስ፦ ከእድፉ ይጀምሩ፤ ሆኖም ገንዘቡ የሚወጣው እድፉን ለመሸፈን ሳይሆን ያመጣውን ነገር ለማስቆም መሆን አለበት። የተሰነጠቀ ጣሪያ፣ የተደፈነ አሸንዳ ወይም የሚያንጠባጥብ የቧንቧ መጋጠሚያ ሳይጠገን የተቀባ ቀለም ርጥበቱ ከውስጥ ስለሚገፋው ያብጣል፣ ከዚያም ይላላጣል። በአሮጌ ኮርኒስ መካከል ተለይቶ የሚያበራ አዲስ ቀለም ደግሞ ልምድ ላለው ገዢ ከእድፉ የባሰ ጥርጣሬ ይፈጥርበታል። ስለዚህ ምንጩን ያስጠግኑ፣ ኮርኒሱ እስኪደርቅ ይታገሡ፣ እድፉን አፍኖ የሚይዝ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት) ያስቀቡና ኮርኒሱን በሙሉ በአንድ ቀለም ያስጨርሱ፤ ተራ የውሃ ቀለም ብቻ ከተቀባ ቡናማው እድፍ ተመልሶ ይወጣል። የጥገናውን ደረሰኝ አስቀምጠው፣ የነበረውን ችግር ለገዢው ራስዎ ይንገሩት። የተነገረው ጉድለት ዋጋ የሚያስቀንሰው በጥገናው ልክ ነው፤ ገዢው ራሱ ያገኘው ግን ሌላም የተደበቀ ነገር ይኖራል ብሎ በሚፈራው ልክ ያስቀንሳል።

ማድ ቤቱን ማፍረስ አልመክርም። የወጣበት ገንዘብ በሽያጩ ዋጋ ሙሉ በሙሉ የመመለሱ ነገር አጠራጣሪ ነው፤ ገዢውም የራሱ ምርጫ ስላለው እርስዎ የደከሙበትን ነቅሎ ሊጥለው ይችላል። ይልቁንስ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ፣ የላላውን የካቢኔት ማጠፊያ፣ የማይሠራውን ሶኬትና የተቃጠለውን አምፖል ያስተካክሉ። በሥራ ደረጃ ጥቃቅን ናቸው፤ ገዢው ግን ሊያያቸው የማይችላቸውን፣ በግድግዳ ውስጥ ያሉትን ሽቦዎችና ቧንቧዎች አያያዝ የሚገምተው ከእነዚሁ ተነሥቶ ነው።

ሽታን ባለቤቱ ራሱ ሊፈርድበት አይችልም፤ አፍንጫ ዘወትር የሚኖርበትን ጠረን ከጊዜ በኋላ አይለየውም። አልፎ አልፎ የሚመጣና ይሉኝታ የማያጠቃው ወዳጅ ገብቶ እውነቱን ይንገርዎ። ብዙ የማይሠራበት መታጠቢያ ቤት ካለ፣ በሲፎኑ (ከመታጠቢያው ሥር ባለው ጠማማ የፍሳሽ ቧንቧ) ውስጥ የሚቀረው ውሃ ሲደርቅ የፍሳሽ ሽታ ወደ ቤት ስለሚገባ በየጊዜው ውሃ ይልቀቁበት። ሽቶ መርጨት ግን ምን ሊደበቅ ነው ያሰኛል።

የተጨናነቀ ዕቃ ሲቀነስ የክፍሉ ስፋት ይታያል፤ የተነሣውን ሁሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ካጨቁት ግን ገዢዎች ስለሚከፍቱት ቤቱ ማስቀመጫ እንደሚያንሰው ይመሰክርብዎታል። ፎቶግራፉ መጋረጃ ተገልጦ በቀን ብርሃን ይነሣ፤ ክፍሉን ከልኩ በላይ በሚያሰፋ ሌንስ የተነሣ ከሆነ ገዢው ሲመጣ ቅር ይለዋል።

አብሮ መሆኑ ነውር የለበትም፤ ይሁን እንጂ ባለቤቱ ከኋላ ሲከተለው ሰው ቁም ሳጥን ለመክፈትም ሆነ ከትዳር ጓደኛው ጋር በግልጽ ለመመካከር ያፍርና ቶሎ ይወጣል። የሚያስጎበኝ ደላላ ካለ እናንተ ከቤት ብትወጡ ይሻላል፤ ከሌለ በሩን ከፍታችሁ ካስገባችሁ በኋላ እስክትጠየቁ ድረስ ራቅ ብላችሁ ቆዩ። ጌጣጌጥ፣ መድኃኒትና ሰነዶች አስቀድመው ይቆለፍባቸው። ይዛችሁት ልትሄዱ የምታስቡት ከግድግዳ ወይም ከኮርኒስ የተያያዘ መብራት፣ መስታወት ወይም የውሃ ማሞቂያ ካለ፣ የመጀመሪያው ገዢ ከመምጣቱ በፊት አውርዱት፤ ያ ካልተቻለ ከሽያጩ ውጪ መሆኑ በውሉ ላይ ይጻፍ።