በሬዚን ላይ አልደርቅ ያለ ፕራይመር፦ ጥያቄና መልስ

በሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ በኋላ በሚጠጥር ፕላስቲክ) በታተሙ የማኬት፣ ማለት የትንንሽ ሞዴል ክፍሎች ላይ የተነፋ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚነፋ መነሻ ልባስ) ሳይደርቅ እየተጣበቀ አስቸግሯቸው ከሰሜን ሸዋ ከተሞች ለጻፉልኝ ሠሪዎች የሰጠኋቸው መልሶች እነሆ።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ ጋሼ፣ የአንኮበር ቤተ መንግሥትን ማኬት በስሪዲ ማተሚያ አትሜ ግራጫ ፕራይመር ነፋሁበት። ሦስት ቀን አለፈው፤ አሁንም እጅ ላይ ይይዛል። ሁለተኛ ልባስ ልጨምርበት?

መልስ፦ አደራህን፣ አትጨምር። በሚጣበቅ ልባስ ላይ ሌላ ስትደርብ ከሥር ያለው መሟሟቻ፣ ማለት ቀለሙን ያቀጠነው ፈሳሽ፣ መውጫ ያጣል።

መጀመሪያ ጥፋቱ ከቀለሙ ይሁን ከሬዚኑ ለይ። ከዚያው ጣሳ በአሮጌ የሻይ ብርጭቆ ላይ ስስ አድርገህ ንፋና ከማኬቱ አጠገብ አቆየው። ብርጭቆው ላይ ያለው ደርቆ ማኬቱ ላይ ያለው ካልደረቀ ቀለሙ ደህና ነው። እስካሁን ካየኋቸው አብዛኞቹ እንዲህ ነበሩ፤ ሬዚኑ በአልኮል በደንብ አልታጠበም ወይም የሚያጠጥረውን ብርሃን አልጠገበም። ከማተሚያው የወጣ ክፍል ገጹ ላይ ያልጠጠረ ፈሳሽ ሬዚን ይቀርበታል። ያ ፈሳሽ ከፕራይመሩ ጋር ይቀላቀልና ልባሱን ለስላሳ አድርጎ ያስቀረዋል፤ ወር ብትጠብቅም ለውጥ የለውም።

ጥያቄ (ከዚያው)፦ ፀሐይ ላይ ባውለውስ?

መልስ፦ ሬዚኑን የሚያጠጥረው በፀሐይ ውስጥም ያለው አልትራቫዮሌትና ለእሱ የቀረበ ሐምራዊ ብርሃን ነው፤ የብዙዎቹ ማተሚያዎች ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 405 ናኖሜትር ነው። ግራጫው ፕራይመር ግን ያንን ብርሃን ይጋርደዋል። ሙቀቱ የቀረ መሟሟቻ ካለ ያስወጣል፤ ከሥር ያለውን ሬዚን ግን አይደርስበትም። ስለዚህ ልባሱን ማንሳት ግድ ነው። ፕራይመሩ አክሪሊክ ከሆነ በአይሶፕሮፒል አልኮልና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይነሳል። ክፍሉን አልኮል ውስጥ አታሳድረው፤ ይሰነጠቃል። ከዚያ በንጹሕ አልኮል እንደገና አለቅልቀው፣ አልኮሉ ፈጽሞ እስኪተን ጠብቅ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ፀሐይ ላይ እያገላበጥክ አውለው። ሳይተን ፀሐይ ላይ ከወጣ ገጹ ነጭ እየሆነ ይጣበቃል። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅንም የገጹን መጠጠር ስለሚያዘገይ፣ ክፍሉን ውኃ በሞላ ንጹሕ የመስታወት ዕቃ ውስጥ አጥልቀህ ብታጸሐየው ይበልጥ ይጠነክራል።

ጥያቄ (መሐል ሜዳ)፦ እኔስ ብርጭቆው ላይም አልደረቀልኝም።

መልስ፦ እንግዲያው ጥፋቱ ከሬዚኑ ሳይሆን ከብርዱ ይሆናል፣ እህቴ። ውርጭ በሚጥልበት ሰሞን ማለዳ ላይ በረንዳ ላይ የተነፋ ቀለም አይደርቅም። ጣሳውን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ያቆዩት፤ ፈጽሞ እሳት አጠገብ አያስጠጉት። ደህና አድርገው ያናውጡት። ፀሐይ ከጠነከረች በኋላ ንፉና ቤት ውስጥ ያድርቁት፤ ልባሱም ስስ ይሁን። ደብረ ሲና ያላችሁ ደግሞ ከጣርማ በር ጉሙ ሲወርድ መንፋቱን ተዉት፤ እርጥበቱ ይይዘዋል።

ጥያቄ (ሸዋ ሮቢት)፦ ሙቀት አያንሰንም፤ የሚጣበቀው ግን በመስኮቶቹ ጥግ ብቻ ነው።

መልስ፦ ጥጉ ውስጥ ሬዚን ተጠራቅሞ ነው። ሁለት ዕቃ አልኮል ይኑርህ፤ በመጀመሪያው ቆሻሻውን አውጣ፣ በሁለተኛው አለቅልቅ። ጥጉን በቀጭን ብሩሽ ፈልቅቅ። ክፍሉ ውስጡ ባዶ ከሆነ የማፍሰሻ ቀዳዳ ያስፈልገዋል፤ አለበለዚያ ውስጥ የቀረው ሬዚን ቆይቶ በስንጥቅ እየወጣ የደረቀውን ቀለም ያበላሻል።

ጥያቄ (ዓለም ከተማ)፦ ባለ 70 በመቶው የእጅ ማጽጃ አልኮል አይበቃም?

መልስ፦ ውኃው ይበዛበታል። 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ፈልግ። ወፍራሙን የእጅ ማጽጃማ ጨርሶ አታስጠጋው።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ የእኔ የታተመ ሳይሆን በሻጋታ የተቀዳ፣ ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠጥር ሬዚን ነው።

መልስ፦ ያ ሌላ ነው፤ ብርሃን አይረዳውም። ገጹ ላይ ከሻጋታው የተረፈ ማላቀቂያ ቅባት ሊኖር ይችላል፤ ለብ ባለ ውኃና በፈሳሽ ሳሙና እጠበው፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዳበስ አድርገው። ቀለም ሳይነካውም የሚጣበቅ ከሆነ ግን ሁለቱ ፈሳሾች በልኩ አልተመጠኑም ወይም በደንብ አልተዋሐዱም። እንዲህ ያለውን ለማዳን አትድከም፤ አዲስ ቅዳ።

ጥያቄ (ደብረ ሲና)፦ እጄን እያሳከከኝ ነው፤ ከሬዚኑ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። ለጊዜው ሥራውን አቁሚና ሐኪም ይይሽ። ያልጠጠረ ሬዚን የቆዳ አለርጂ ያስከትላል፤ አንዴ ከጀመረ ደግሞ በጥቂቱም ይቀሰቀሳል። ስትመለሺ የናይትራይል ጓንት አድርጊ፣ መስኮት ክፈቺ። የታጠበበትንም አልኮል ወደ ፍሳሽ አትድፊው፤ በሚያስተላልፍ ዕቃ ከድነሽ ፀሐይ ላይ ብታቆዪው ሬዚኑ ጠጥሮ ይዘቅጣል፣ አልኮሉን አጥልለሽ እንደገና ትጠቀሚበታለሽ።