መልስ፦ በጀርመን ፈቃድ አዲስ አበባ ላይ አማተር ሬዲዮ መጠቀም ይቻላል?

ሰላም ወንድሜ። አማተር ሬዲዮ፣ ማለትም ለንግድ ሳይሆን ለፍላጎት ብቻ በራስ ሬዲዮ ከሌሎች ጋር መነጋገር፣ አዲስ አበባ ላይ በጀርመኑ ፈቃድ ብቻ አይቻልም። ፈረንሳይ ብትሄድ አገሮች አንዱ የሌላውን የአማተር ፈቃድ በሚቀበሉበት በአውሮፓውያኑ የሴፕት ስምምነት እስከ 3 ወር ትሠራለህ፤ ከጥሪ ምልክትህ (በሬዲዮ ከምትታወቅበት መለያ) ፊት «ኤፍ» መጨመር ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ግን እዚያ ውስጥ የለችም። ስለዚህ መሣሪያውን ሻንጣ ውስጥ ከመክተትህ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን በጽሑፍ ጠይቅ። እባክህ ቀላል አድርገህ አትየው። አንድ ሰው ያለፈቃድ ሬዲዮ ሲከፍት ለቀጣዩ አመልካች በሩ ይጠብባል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ክለብ ጣቢያ በጥሪ ምልክቱ «ኢቲ3ኤኤ» ብሎ ሲጠራ ከጃፓን እስከ ብራዚል ሰው ለመመለስ ይሻማል። የሚባባሉት ስም፣ የሲግናል ጥራት፣ በመጨረሻ «73»፣ ማለትም መልካም ሰላምታ። በቃ። ፖለቲካ የለም፣ ንግድ የለም። እኔ ይሄን በጣም ነው የምወደው። ፈቃዱ ከዘገየብህ ክለቡን አነጋግር፤ ቢያንስ ቁጭ ብለህ ታዳምጣለህ።