ፕላስቲኩን 36 ቶን ማስመሰል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የገጹ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። በድሬዳዋ ከተማ ሳቢያን የምኖር መምህር ነኝ። ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ ለፋሲካ ሲመጣ 1 ለ35 የተመጠነ የቲ-55 ታንክ ተገጣጣሚ ሞዴል ይዞልኝ መጥቶ፣ በክረምቱ ዕረፍት ገጣጥሜ ጨረስኩት። ይሁን እንጂ ሦስት ነገሮች አልሆኑልኝም። ጣሪያ ላይ ወጥቼ በስፕሬይ የቀባሁት አረንጓዴ ቀለም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻከረ። ሁለቱን ጫፎች በሱፐር ግሉ ያያያዝኩት ሰንሰለትም በሁለተኛው ቀን ተበጠሰ። ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የጎረቤቴ ነገር ነው፤ የቀድሞ ታንከኛ ናቸው፤ ሞዴሉን አገላብጠው አይተው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «መልኩ እሱ ነው፤ ግን አይከብድም» አሉኝ። ካራማራ ላይ የተዋጋ የኢትዮጵያ ታንክ አስመስዬ ለእሳቸው ላበረክተው ነበር ያሰብኩት። ምን ላድርግ?
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ የጎረቤትዎን አባባል አስቀድሜ ላንሳ፤ የሁለቱ ጥያቄዎችዎ መልስም በእሱ ውስጥ አለና። ቲ-55 36 ቶን የሚመዝን ብረት ለበስ ነው። መድፉን ትተን አካሉ ብቻ ሲለካ 6 ሜትር ከ45 ሳንቲም ርዝመትና 3 ሜትር ከ27 ሳንቲም ወርድ አለው፤ ይህ በ35 ሲካፈል ጠረጴዛዎ ላይ 18 ሳንቲም ተኩል ገደማ ርዝመትና ከ9 ሳንቲም ጥቂት የሚያልፍ ወርድ ይዞ ይቀመጣል። ርዝመትና ወርድ በ35 ሲካፈሉ ክብደት ግን 35 በራሱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ በሚገኘው ቁጥር፣ ማለትም በ42,875 ስለሚካፈል፣ ሞዴሉ በእውነተኛው ታንክ ልክ ቢመዝን እንኳ 840 ግራም ያህል ብቻ ይሆን ነበር፤ የእርስዎ ባዶ ፕላስቲክ ደግሞ ከዚያም እጅግ ያነሰ ነው። ሆኖም ጎረቤትዎ ሞዴሉን ሚዛን ላይ አላስቀመጡትም። ዓይናቸው ያረፈው ሰንሰለቱ ላይ ነው ብዬ እገምታለሁ።

ታንከኛ የሆነ ሰው ቲ-55ን ከሩቅ የሚለየው በጎኑ ነው። በእያንዳንዱ ወገን አምስት ትልልቅ ጎማዎች አሉት፤ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ያለው ክፍተትም ከሌሎቹ ሰፋ ይላል። ሰንሰለቱን ከላይ ደግፈው የሚይዙ ትንንሽ ጎማዎች ስለሌሉት፣ ከኋላ ካለው ጥርሳም ጎማ ተነሥቶ ፊት ለፊት እስካለው መወጠሪያ ጎማ የሚዘልቀው የላይኛው ሰንሰለት በአምስቱ ጎማዎች ጀርባ ላይ ተኝቶ ይጓዛል፤ በጎማዎቹ መካከል፣ በተለይም በዚያ ሰፊ ክፍተት ላይ፣ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ረገብ ይላል። በሣጥኑ ውስጥ የሚመጣው ለስላሳ ሰንሰለት ግን እንደ ላስቲክ ተወጥሮ ከጎማዎቹ በላይ ይንሳፈፋል። ሰንሰለቱ የተንሳፈፈ ታንክ ምንም ያህል በጥሩ ቀለም ቢቀባ ከካርቶን የተሠራ ይመስላል።

የተበጠሰብዎትም በዚሁ መወጠር ምክንያት ነው። ሱፐር ግሉ ከደረቀ በኋላ ተለጣጭነት ስለሌለው፣ በየጊዜው በሚጎተት ለስላሳ ነገር ላይ ሲውል ይሰነጠቃል። የፕላስቲክ ሞዴል ማጣበቂያም ቢሆን፣ የሞዴሉ መመሪያ ሰንሰለቱ እንደሚቀበለው ካልገለጸ በስተቀር፣ አይይዝልዎትም፤ የሚሠራው ፖሊስታይሪን የተባለውን ፕላስቲክ በጥቂቱ አሟምቶ በማዋሐድ ስለሆነ ከሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ጋር ዝምድና የለውም። እኔ ሐረር ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ከሚሰፋ ወዳጄ ለጂንስ ሱሪ የሚሆን ጥቁር ክር ለምኜ ሁለቱን ጫፎች በቀጭን መርፌ ሦስት ጊዜ እሰፋቸዋለሁ። ስፌቱ ከላይ፣ በጭቃ መከላከያው ሥር እንዲውል ካደረጉት ማንም አያየውም። ቀጥሎ በጎማዎቹ ጀርባ ላይ አንዳንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ያኑሩና፣ በሰንሰለቱና በጭቃ መከላከያው መካከል የታጠፈ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ጠቅጥቀው ሰንሰለቱን ወደ ታች ይጫኑት፤ በማግሥቱ ስፖንጁን በወረንጦ ያውጡት። ሰንሰለቱ አሁንም እጅግ አጥሮ የሚወጠር ከሆነ አይታገሉት፤ ሁለቱ ጫፎች ባይገናኙም ክፍተቱ ከጭቃ መከላከያው ሥር ይደበቃል።

ይህን ሁሉ ከማድረግዎ በፊት ሞዴሉን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጠው ዐሥሩም ጎማዎች መስታወቱን መንካታቸውን በቀጭን ወረቀት ይፈትሹ። ከአንዱ ጎማ ሥር ወረቀቱ በነፃነት ካለፈ፣ ያ ጎማ 36 ቶን ተሸክሞ መሬት ያልነካ ጎማ ነውና ጎረቤትዎ ሳያዩት አይቀሩም።

ወደ ቀለሙ እንምጣ። ጣሪያ ላይ የወጡት በስንት ሰዓት እንደሆነ አልገለጹልኝም፤ እኔ ግን ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደሆነ እጠረጥራለሁ። ከስፕሬዩ የሚወጣው ቀለም እጅግ ደቃቅ ጠብታ ነው፤ ጠብታው እርጥብ ሆኖ ሞዴሉ ላይ ካረፈ ከጎረቤቱ ጠብታ ጋር ተዋሕዶ ልሙጥ ይሆናል፤ በድሬዳዋ ቀትር፣ ያውም ነፋስ ባለበት የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ፣ አየር ላይ እንዳለ ግማሽ በግማሽ ስለሚደርቅ ግን ሞዴሉ ላይ የሚያርፈው ዱቄት ነው። ከድሬዳዋ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በምትገኘው ሐረር ይህ ችግር ብዙም አይገጥመንም፤ እናንተ ዘንድ ግን መፍትሔው ሰዓት መምረጥ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ነፋስ በማይገባበት ነገር ግን መስኮቱ በተከፈተ ክፍል ውስጥ፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲም ርቀት ላይ ሆነው ስስ ስስ አድርገው ይቀቡ። የስፕሬዩን ጣሳ ፀሐይ ላይ አይተዉት፤ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሞቀ የመፈንዳት አደጋ አለው። ለመኪና ተብሎ የተሠራ ቀለም ከሆነ ደግሞ አስቀድመው ክፍሎቹ ተያይዘውበት በመጣው የፕላስቲክ ፍሬም ቁራጭ ላይ ይሞክሩት። እኔ ለራሴ በአንድ ወቅት የተሳሳተ ቀለም ላጸዳ ብዬ የመኪና ቀለም ቲነር በጨርቅ ነክሬ አንድ ሙሉ የሞተር ክዳን እንደ ቅቤ አቅልጬአለሁ።

አሁን ያለውን ሻካራ ቀለም ግን ሁሉንም አያንሡት። የቲ-55 አካል ከተጠቀለለ ወፍራም ላሜራ ተበይዶ የተሠራ ስለሆነ ገጹ ልሙጥ ነው፤ ቱሬት የሚባለው የሚሽከረከረው አናት ግን ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ስለሆነ ቀርበው ሲያዩት እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጎርበጥበጥ ያለ ነው። የሞዴል ሠራተኞች ይህን ለማስመሰል ስቱኮ በማጣበቂያ አቅጥነው በደረቅ ብሩሽ እየነካኩ ይደክማሉ። እርስዎ ሳያስቡት ያገኙት ነገር ነው። እንግዲህ አካሉን 1000 ቁጥር ባለው ብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያረጠቡ አለስልሰው በንጋት እንደገና ይቀቡት፤ ቱሬቱን ግን በዚያው ወረቀት አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ዳሰስ አድርገው፣ የጎላው ጉብታ ሲረግፍ ይተዉት። እርግጠኛ ነኝ፣ የተሳሳቱበት ቦታ የሞዴሉ ምርጥ ክፍል ይሆናል።

ሳይጠይቁኝ ስለ መድፉ አንድ ነገር ልበል። የቲ-55 መድፍ 100 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በእርስዎ ሞዴል ላይ ቀዳዳው ከ3 ሚሊ ሜትር ጥቂት ያንሳል። አፈሙዙ ከሁለት ግማሽ የተጋጠመ ከሆነ መጋጠሚያው መስመር እስኪጠፋ ይፈግፉት፤ ጫፉም ያልተበሳ ከሆነ በእጅ መሰርሰሪያ ይብሱት። ድፍን መድፍ ያለው ታንክ አሻንጉሊት ነው።

ክብደት ከሚታይባቸው ነገሮች የመጨረሻው አቧራ ሲሆን፣ ብዙ ሰው የሚያበላሸውም እሱን ነው። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ዘግኖ በኮላ መለጠፍ ለድሬዳዋ ልጅ የሚቀል ይመስላል፤ ነገር ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነች ደቃቅ አሸዋ በዚህ ልክ 17 ሚሊ ሜትር ተኩል የምትሆን ጠጠር ናት፤ ሁለት ሚሊ ሜትር የሆነችው ደግሞ 7 ሳንቲም የሚሆን ድንጋይ ትሆናለች። ስለዚህ አሸዋውን ለመሬቱ ያስቀሩት። ለአቧራው ግን መምህር ነዎትና ጠመኔ አይቸግርዎትም፤ ነጭ ጠመኔ ፈጭተው፣ በደረቀ አፈር አደብዝዘው፣ በሁለት እጥፍ ሻሽ ነፍተው የላመውን ብቻ ይውሰዱ። በውሃና በጥቂት ኮላ በጥብጠው ሲቀቡት ምንም ያልተቀባ ይመስላል፤ ሲደርቅ ግን ይነጣልና ተጣድፈው አይደራርቡት። በላዩ ላይ ቫርኒሽ ከነፉበት ደግሞ አቧራው ይጠፋል።

ዋናው ጉዳይ ቦታው ነው። አቧራውን የሚያነሡት ሰንሰለቶቹ ስለሆኑ በጎማዎቹ፣ በታችኛው ጎንና በኋለኛው ሳንቃ ላይ ይበዛል፤ በጭቃ መከላከያው ላይ ይጋገራል፤ ሹፌሩ በሚወጣበት በፊት ለፊቱ የግራ ክዳን ዙሪያና አዛዡ በሚረግጠው የቱሬት ጣሪያ ላይ ግን በሰው ልብስና ጫማ እየተጠረገ አረንጓዴው ይገለጣል። መሬት የሚረግጠው የሰንሰለት ፊት በመፋቅ ብዛት ያበራልና በለስላሳ እርሳስ ሹል ዳሰስ ዳሰስ ያድርጉት። ዝገት ከፈለጉ በግራው ጭቃ መከላከያ ላይ ባለው የጭስ ማውጫ ይወሰኑ፤ በየጊዜው የሚነዳና የሚጠገን ታንክ እንደ ተጣለ በርሜል ሁሉ ነገሩ ቀይ አይሆንም።

ካራማራን በተመለከተ ምርጫዎ ከታሪኩ ጋር አይጋጭም። የሶቪየት የጦር መሣሪያ በብዛት መግባት የጀመረው ከኅዳር 1970 ዓ.ም. ወዲህ ስለሆነ፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ለተገኘው የካራማራ ድል ቲ-55 ተገቢ ነው። በነሐሴ 1969 የተደረገውን የድሬዳዋ ውጊያ ቢመርጡ ኖሮ ግን የዚህ ዓይነቱ ታንክ ባብዛኛው የወራሪው ወገን ነበር፤ በእኛ በኩል አሜሪካ ሠራሾቹ ኤም-41 እና ኤም-47 ነበሩ። ሣጥንዎ ውስጥ ለቱሬቱ ጣሪያ የሚሆን እንጉዳይ መሰል የአየር ማስወጫ ክዳን ካገኙ አይግጠሙት፤ እሱ የቀደመው የቲ-54 ነው። ዲሽቃው፣ ማለትም ቱሬቱ ላይ የሚገጠመው ከባድ መትረየስ፣ ግን አከራካሪ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቲ-55ዎች ያለ ዲሽቃ ወጥተው፣ ኋላ በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተመልሶላቸዋል። መቼም ስጦታው ምስጢር መሆኑ ቀርቷልና፣ ጎረቤትዎን ቡና ጠርተው ታንካቸው ዲሽቃ እንደነበረውና እንዳልነበረው፣ ቱሬቱ ላይ ምን ቁጥር እንደተጻፈ ይጠይቋቸው። ቁጥሩን ካላስታወሱት ሣጥን ውስጥ ያለውን የሌላ አገር ምልክት ከሚለጥፉ ባዶውን ይተዉት።

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጄ እንዲህ ያለ ታንክ ግዢልኝ እያለ ያስቸግረኛል። የማጣበቂያው ሽታ ጉዳት የለውም ወይ?
የአንድ ልጅ እናት፣ ሐረር ጀጎል

መልስ፦ አለው፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሆነ ራስ ያሳምማል፣ ያዞራልም። ያለ ማጣበቂያ እየተጫነ የሚጋጠም ዓይነት ሞዴል ስላለ በእሱ ቢጀምር መልካም ነው። ማጣበቂያ ያለውን ከገዙለት መስኮት ከፍተው፣ ከምድጃና ከሻማ አርቀው፣ ሠርቶ ሲጨርስ ጠርሙሱን ወዲያው እንዲከድን ያስለምዱት። ሲፈገፍግ ብናኙ እንዳይነሣ ብርጭቆ ወረቀቱን በውሃ ያርጥብ። ክፍሎቹን ከፍሬማቸው ለመለየት ጥፍር መቁረጫ ይበቃዋል፤ ምላጩን ግን ለጊዜው እርስዎ ይያዙለት።