ማክላረን ሞተር ቀይሮ ነበር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፎርሙላ ዋን ማየት የጀመርኩት በቅርቡ ነው። የማክላረን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ጭራ ነበር ይላሉ። ታዲያ በዓመቱ መሃል እንዴት ፈጠነ? ሞተር ቀየሩ እንዴ?

መልስ፦ ኧረ ሞተሩስ ያው የመርሴዲስ ነው! በባህሬን የዓመቱ መክፈቻ ውድድር ከሁለቱ የቡድኑ አሽከርካሪዎች ኖሪስ 17ኛ ወጣ፣ ፒያስትሪ ውድድሩን አልጨረሰም። በማርች የቴክኒክ ኃላፊው ተሸኙ፤ ሥራቸው ለሦስት ሰው ተከፋፈለ። ፍሬው የታየው በጁላይ፣ ኦስትሪያ ላይ ነው። አዲሱ የመኪናው ወለልና የጎን አካል መጀመሪያ የተገጠመው ለኖሪስ ብቻ ነበር፤ 4ኛ ወጣ። በሳምንቱ በእንግሊዙ ሲልቨርስቶን መወዳደሪያ ላይ እሱ 2ኛ፣ ፒያስትሪ 4ኛ!

ቁልፉ ወለሉ ነው። ከሥሩ የሚያልፈው አየር ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፣ መኪናው ወደ አስፋልቱ ይሳባል። ያኔ ፈጣን ኩርባ ላይ ፍሬን ብዙ ሳይነካ ይታጠፋል። ሲልቨርስቶን ደግሞ እንዲህ ያለ ኩርባ የሞላበት ነው፤ ዕድልም አግዟቸዋል ባይ ነኝ። ዘገምተኛ ኩርባ ላይ ግን መኪናው ገና ይንገታገት ነበር። ሲንጋፖር ላይ ሌላ ትልቅ ማሻሻያ አመጡ፤ ኳታር ላይ ፒያስትሪ አጭሩን ውድድር (ስፕሪንት የሚሉትን) አሸነፈ። ዓመቱን በ302 ነጥብ ከቡድኖች 4ኛ ሆነው ጨረሱ።